ያልነበረው መስኮት

ከሱሃር በስተ ሰሜን፣ ባሕር ዳር አንድ ግንብ አለ፤
ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ አሸዋው ግን መቼ ጎደለ።
ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ትኬቱን ራሺድ ይቆርጣል።
"ስንት ዓመቱ ነው?" ሲሉት፣ "ስምንት መቶ" ይላል።
እኔ የምወለውለው ሲሚንቶ ሃያም አይሞላ፤
ከሥሩ ጭቃ አለ፣ ከጭቃው ሥር ሌላ፣
ከዚያም ሥር ሌላ።

የመጀመሪያውን ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው የለም፤
አልያዘው ድንጋይ፣ አልያዘው ቀለም።
የቀረው ዛጎል የተሰካበት ነጭ ድንጋይ፣ ሦስት ክንድ መሠረት፣
አንድም የማሰሮ ስባሪ፤ አንገቱ ላይ የሠሪዋ አውራ ጣት፣
ጭቃው ሳይደርቅ የነካችው፣ ልክ እንደ ትናንት።

ሁለተኛው ተሠራ፣ ከባሕር የፖርቱጋል መድፍ ሲያጓራ፤
ግንቡ ወፍሮ፣ በሩ ጠቦ፣ ጥላውን እየፈራ።
ሲፈርስ የመንደሩ ሰው አልጮኸም፤ አህያውን ጫነ እንጂ፣
አንዱ ለፍየል በረት፣ አንዱ ለጉድጓድ አፍ፣ አንዱ ለደጅ፣
አንዱም ለመቃብር ራስ።
ግንብ እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ እንደ ድግስ ቤት ለቤት ሲዳረስ።

ሦስተኛው ጭቃ ነበር፣ የተምር ግንድ ማገሩ፤
ደረቁ ወንዝ አንድ ሌሊት ሞልቶ፣ ይዞት ገባ ወደ ባሕሩ።

አራተኛውን ሊሠሩ መሐንዲሶች ካርታ ዘርግተው ሲቀመጡ፣
ሥዕል የለ፣ ፎቶ የለ፤ ሽማግሌ አስጠርተው ወንበር ሰጡ።
ሱወይዳን ይባላል፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ዐይኑን ሞራ የለበሰ፤
በበትሩ ጫፍ አሸዋ ላይ እየጫረ፣ እያፈረሰ፣
"እዚህ በር፣ እዚህ ጉድጓድ፣ እዚህ የተምር ማከማቻ፤
እዚህ ላይ፣ ወደ ባሕሩ፣ መስኮት ነበር፣ አንዲት ብቻ።"

ጻፉ። ሠሩ። ኖራ ቀቡ። ሰሌዳም ተሰቀለ፤
"ዘበኛው በዚህ መስኮት መርከብ ይጠብቅ ነበር" የሚል።

ባለፈው ዓርብ ሱወይዳን መጣ፣ የልጅ ልጁ እጁን ይዛ፤
ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ዐረፈ፣ ግንባሩ በላብ ወዛ።
መስኮቷ ሥር ተቀመጠ። ነፋሱ ፊቱን ዳሰሰው።
ውሃ ሳቀብለው ክንዴን ይዞ ዝቅ አደረገኝ።

"እዚህ መስኮት አልነበረም፤ ድፍን ግንብ ነው።
አባቴ ዕንቁ ሊጠልቅ በሄደበት ዓመት
እናቴ እዚህ ጨለማ ውስጥ ተምር ትለቅም ነበር፤
ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ
ባሕሩን የምታየው በጆሮዋ ነው።
ጠየቁኝ፤ ከፈትኩላት።"

ለራሺድ አልነገርኩም።
ሰሌዳውን እንደ ወትሮው በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ።
ከዚያች መስኮት ሥር ግን
አሸዋው ከሌላው ቦታ ይበዛል፤
ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ።