አንዲት ፋ

በጥቅምት አጋማሽ፣ ጉም ሐረጎን ሲውጠው፣
ፒያኖው ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ወጣ፤
ሦስት ጋቢ ደርቦ፣ በጠፍር ታስሮ፣
እንደ ታመመ ዘመድ ተሸፋፍኖ መጣ።

እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፤
ሲንጀር ስትታመም ሕመሟን አገኛለሁ በጣቴ ስመረምር።
የአዳራሹ ኃላፊ አቶ መኩሪያው ሱቄ ድረስ ሮጠ፤
«ሙክታር፣ ብረት ብረት ነው፣ ና እየው!» አለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ክዳኑን ከፈትሁ። ውስጡ ሸማኔ ቤት ነው፣ ድሩ የተወጠረ።
ሰማንያ ስምንት ጥርስ። ሰማንያ ሰባቱ ሲነካ ዘመረ።
አንዷ ግን ከመሃል ላይ አፏን ይዛ ቀረች፤
ስጫናት ጠለቀች፣ ስለቃት ተነሣች፣
ቃል አልወጣትም።
«ፋ ትባላለች» አሉኝ። ስሟን ያኔ ሰማሁ።
መዶሻዋ በሐረጎ ጥምዝ አንገቷ ተቀንጥሷል።
መለዋወጫው በወር ይመጣል ተባለ፤
የማን ወር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማስታወቂያው ደግሞ ተለጥፏል፣ ከሆጤ እስከ ሸዋ በር፤
በወር አንድ ቅዳሜ፣ ስድስት ኮንሰርት፣ መግቢያው ሃምሳ ብር።

መጀመሪያ ሶስና መጣች፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ወረቀት በክንዷ፤
የሩቅ አገር ዜማ፣ በመስመር የታሰረ፣ ነጥቡ በየመንገዷ።
ሰው ካፖርቱን አላወለቀም። ብርዱም ቲኬት ቆርጦ ገብቷል።
ፋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ወረደ። ዝም።
ሁለተኛ ደረሰች። ዝም።
በሦስተኛው ጊዜ ሶስና አፏን ከፍታ
ያቺን አንዷን ድምፅ ሰጠችን፣ በጉሮሮዋ ተክታ።
ከፊት የተቀመጡ ልጆች ሳቁ፤ አልተቆጣችም።
እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆነ፤
ጥርሱ በጎደለበት ሁሉ ሰው ገብቶ ሞላ።

በኅዳር ጃዝ ነበር፣ እንድሪያስና ጓዶቹ።
አስቀድሜ ነገርሁት፣ «አንዲት ቁልፍ ሞታለች።»
«የቷ?» አለኝ። አሳየሁት። ነካት። ቷ፣ ቷ። እንጨት።
«አልሞተችም እኮ፣ ከበሮ ሆናለች!»
ማታ እሷኑ እየመታ በዜማው መሃል በር አንኳኳ፤
መብራት ሄደ፣ እሱ ግን በጨለማ ቷ፣ ቷ ይላል፤
ሰው ሁሉ በጫማው መልሶ አንኳኳ።
ሳክስፎኑ ከጦሳ እንደሚወርድ ጉም
ዝቅ ብሎ መጣ፣ ጉልበታችንን ዳሰሰ፤
የባጃጅ ልጆች ስልካቸውን ሊያበሩ አውጥተው
መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

በጥር ነፊሳ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ የወጣች ዘፋኝ።
ያን ቀን ግድግዳው አላበው፤ ሰው በመስኮት ገባ፤
ጥበቃው ቆቡን ጣለ፣ አልፈለገውም።
እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ፋን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣
ዘፈን አለቀ፣ ሌላው ጀመረ፣ እጅ ተዘረጋ፣ ተለቀሰ፣
ጉድለቷን የጠየቀ የለም።
በኋላ ፒያኖ ተጫዋቹን ያዝሁት፤ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ከዶ ስንነሣ ትዝታ ፋ የላትም፤ ምን ትሠራላታለች?» አለኝ።

ትዝታ ፋ የላትም።
እኔ ወሎ ተወልጄ፣ በትዝታ አድጌ፣
በትዝታ ተድሬ፣
ምን እንደሌላት አላውቅም ነበር።

ሌሎቹን ማታዎች አልቆጥርም፤
አንዱ ቡድን መኪናው ከሚሴ ላይ ቆሞ፣ ሳይደርስ ነጋ።

መዶሻዋ በሰኔ መጣች፣ በአውቶቡስ፣ በክብሪት ቀፎ።
ወንበሩ ተቆልሏል፤ ማስታወቂያውን ዝናብ ልጦታል።
ገጠምኋት። ነካኋት። ተናገረች፤
ጥርት ያለች፣ ትንሽ፣ እንግዳ ድምፅ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ።
ደገምኋት።
አቶ መኩሪያው አጨበጨበ። እኔን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ፤
የሶስና ጉሮሮ፣ ያ ትንሽ ስንጥቅ፣ ከአሁን ወዲያ አያስፈልግም።

የተሰበረችውን ኪሴ ከተትኋት።
ሱቄ ውስጥ አለች፣ ከመርፌው ጋር፣ ከቦቢኑ ጋር፤
ደንበኛ ሲጠፋ በጠረጴዛው ጠርዝ
ቷ፣ ቷ አደርጋታለሁ።
ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው አንገቱን ያወጣል፣
«ማነው የሚያንኳኳው?»