ደንገጎን ለመውጣት

አው ዚክሪ፣ የባቡር ቶርኖ ቤት ያረጀ፣
ለሁለት በር ፔዦ አዲስ ገላ አበጀ።
ኮፈኗን ዝቅ አርጎ አፏን አሰፋላት፣
ቀትር እንዳያፍናት ራዲያተር ደረበላት፤
ሞላዋን ቆርጦ ሆዷን ወደ ምድር አስጠጋ፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ ሲነዳት እስኪነጋ።

«ደንገጎ» ይለኛል «የፈረስ ጉልበት አይቆጥርም፤
ኪሎ ነው የሚያየው፤ ትርፍ ያለውን አይምርም።»

ከቀፊራ የሽንኩርት ጆንያ ሚዛን ተዋሰ፣
የፈታውን ሁሉ እየመዘነ ቀነሰ፦
ምንጣፉ ሦስት ኪሎ፤ ማሞቂያው አምስት ነበረ
(ድሬ ላይ ማሞቂያ! ብቻውን ሲስቅ አደረ)፤
የኋላው መቀመጫ፣ ትልቁ ማርሚታ፣
መስኮት ማዞሪያው ሳይቀር ወጣ በዚያ ማታ።

የኔም ወንበር፣ ከጎኑ፣ አሥራ አንድ ኪሎ አለች፤
ተፈታች፤ ከግንቡ ሥር ከጎማ ጋር ተጣለች።
ሁለት ወር ሙሉ ኩርባ ቆጥሬ የጻፍኩበት
ደብተር እጄ ላይ ቀረ፤ ተቀምጬ ላነብ የት?

ዝም አልኩ። እሱም ዝም።
«ኢፍቱ፣ ነይ፣ ውጪ» አለኝ ሚዛኑን እየጠረገ።
ወጣሁ። «አርባ ስድስት» አለ፤ ከማርሚታው ሥር ጻፈ፤
እርሳሱም ተመልሶ ጆሮው ላይ አረፈ።

ሌሊቱን ትራፓኖ ጮኸ፤ ጎረቤት ሁሉ ተሳደበ።

ሲነጋ ወንበሬ ቦታዋ ላይ ታስራለች፣
ከላይ እስከ ታች ተበስታ ወንፊት መስላለች፤
በቀዳዳዎቿ ብርሃን ወለሉ ላይ ፈሰሰ።
«ስድስት ኪሎ አወጣሁላት» አለና ሞተሩን ቀሰቀሰ።

ደብተሬን ገለጥኩ፦
«ቀኝ፤ ጠባብ፤ ማርሽ ሁለት።»