ሹም ጣቢያ ላይ የተለካ ደም

ስሟ ሹም ነው እንጂ፣ ሹመት መች አገኘች፤
ሐዲድ ዳር ተቀምጣ አሸዋ ለበሰች።
የዙኤራት ባቡር፣ ብረት ተሸክሞ፣
ያልፋል በደጃፌ ሌት ተቀን አጉረምርሞ፤
ራሱ ከዓይን ሲጠፋ ጭራው ገና አይመጣም፣
ፉርጎውን ልቁጠር ያለ ከቆጠራው አይወጣም።
አቧራው በመስኮት ገብቶ ብልቃጤ ላይ ያርፋል፤
በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ማታ ይመለሳል።

ሰለኻ ማክሰኞ ልጇን አዝላ መጣች፤
«ያርባ፣ እስኪ ደሟን እይልኝ፤ ነብጉሃ ገረጣች።
አባቷ ቀን ከሌት ብረት እየነዳ፣
ልጁ ብረት አጥታ ብትገኝ፣ አቤት የኔ ፍዳ!»

ከክንዷ ጥቂት ቀዳሁ። ጮኸች፤ ዝም አለች፤
የቀን መቁጠሪያዬን ግመል አይታ ሳቀች።

ቁጥሩ ወረደብኝ። ደገምኩት፤ ያው ወረደ።
እጄ ወደ ክኒኑ ሣጥን ሳላዘው ሄደ፤
አምናም እንዲሁ ነበር፣ ቸኩዬ የሰጠሁ፣
የስንቱን ልጅ በሆድ ቁርጠት ወደ ቤቱ የሸኘሁ።
ከሥሩ ግን ሌላ ቁጥር፣ የጎተራው መጠን፣
ሞልቶ፣ ከወትሮውም አልፎ፣ አፈጠጠብኝ ያን ቀን።

«አሟት ነበር?» አልኳት።
«ምኑን አመማት ብዬ! ትንሽ ንፍጥ፣ ትንሽ ጆሮ፣
ይህንንም ሕመም ካልነው፣ ከሐሙስ ጀምሮ።»

ሕመም ነው፣ ሰለኻ።
ተዋሲያንም እንደ ሰው ብረት ይበላሉ፤
በብረቱ ወፍረው ቤቱን ይወርሳሉ።
ይህን ጉበት ያውቃል፤ በደም ቃል ይልካል፤
አንጀት መዝጊያ ይጥላል፣ ጣፊያ ይቆልፋል፣
መቅኒም ባዶ ስልቻ ይዞ ደጅ ይጠናል።
ሌባው እንዳይጠግብ ሲል ቤተሰቡን ጦም ያሳድራል።
ክፋት አይባልም፤ ጥንቃቄም ዋጋ አለው፣
የገረጣ ጉንጭ ነው ሒሳቡን የሚከፍለው።

«እና አለ ነው የምትለኝ? ወይስ የለም?» አለችኝ።
አለም፣ የለምም። ምን ብዬ ላስረዳት? ጨነቀኝ።

በመጨረሻ እሷው፦
«አሸዋው ሐዲድ የዋጠ ጊዜ፣ ባሌ ሥራ ፈትቶ፣
ዘጠኝ ቀን ቤት ከረመ፣ ሻይ በሻይ ላይ ጠጥቶ፤
ወደቡ ‹ብረት አለቀ› አለ። ተራራው ግን ነበር።»
ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚህ በላይ ምን ይነገር?

ሣጥኑን ከደንኩት። ጆሮዋን አየሁላት፤
«ይህ ይዳን አስቀድሞ፤ በሦስት ሳምንት አምጫት።»
ሲወጡ አስነጠሰኝ። ሳቅሁ ለብቻዬ፤
የኔም ጉበት መዝጊያ እየጣለ ይሆናል በጓዳዬ።

በአምስተኛው መጡ። ሠርግ ነበር፣ አቧራ።
ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ሙሉ አይደለም፤ ግን አያስፈራ።
ነብጉሃ ቀና ብላ ግድግዳዬን አየች፦
ወሩ ተገልብጧል፤ በግመሉ ቦታ መርከብ ቆማለች።
መርፌው ምንም አላላትም፤
ለግመሉ አለቀሰች።