አንድ እባብ፣ ሁለት እባብ

አጅማን፣ ከባሕሩ ዳር፣ የሆቴሉ ምድር ቤት፣
ከእንፋሎቱ መሃል፣ ከምድጃው ፊት ለፊት፣
አለቃችን ፕራሳና ነጭ ቆቡን ደፍቶ
«ካርዶቹን ጻፊልኝ» አለ፣ እስክሪብቶ ሰጥቶ።
አሥረኛ ክፍል መድረሴን ነግሬው ነበርና።

ጻፍኩ። በነጭ ካርቶን፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፤
አቆምኩት ከኩናፋው፣ ከተምር ኬኩ ጫፍ።
ማታ አንድ እንግዳ፣ ጢሙ የሸበተ፣
ካርዱን ደጋግሞ አይቶ በሳቅ ተንከተከተ፤
«እኛ ለእራት የመጣነው በረሃ ሸሽተን ነው፤
አሸዋ በሳህን ማቅረባችሁ ምነው?»

አንድ ኤስ ጎድሎ ነው።
ማሪቪክ የማኒላዋ፣ ዱቄት በዱቄት ሆና፣
እንፋሎት ያላበው መስታወት ጋ መጣችና
በጣቷ ጻፈችልኝ፦ ዴዘርት። ዲዘርት።
«ባለ አንዱ በረሃ ነው፣ ባለ ሁለቱ ጣፋጭ፤
ያቺ ኤስ ናት እዚህ ቤት ፈላጭና ቆራጭ።»

እኔ ያንን ፊደል ሳየው እባብ ይመስለኛል፤
በሆዱ ተጠማዞ መንገድ ላይ ይተኛል።
ታዲያ ይህ እንዴት ይሆናል?
በረሃው ውስጥ አንድ እባብ፣ ኬኩ ውስጥ ሁለት!
ወንድሜ ደረበ፣ የኦቦክን ምድር በእግሩ የለካት፣
«እባብስ አላየሁም» ብሎኛል ሲደውል፣
«የነደፈኝ ጥም ነው።»

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ፤ ቃል እለቅምባታለሁ፣
የቀን ውሎዬን ጭምር እጽፍባታለሁ።
ሽፋኗ ላይ በትልቁ «ዳያሪ» ልል ብዬ
ኤይና አይን አገላብጬ፣ አስቀድሜ አስከትዬ፣
«ዴይሪ» አልኳት፣ የወተት።
ቢሽኑ አዲስ ገብ ነው፣ ያነበበውን ያምናል፤
ከእርጎው ጋር ደርድሮ ማቀዝቀዣ ከቷታል።
ሦስት ቀን ፈለግኳት። ሳገኛት እርጥብ ናት፤
ሰኞ ማክሰኞዬን ውርጭ ሸፍኖባት።

ለልብስ ቤቱ ጽፌ «ሱሪዬ ላልቷል» ልል፣
አንዲት ኦ ብትጎድል «ጠፍቷል» ሆኖ ቁጭ አይል!
ኢክባል አዲስ ሱሪ ሰጠኝ፤ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።
አንዳንድ ስሕተት ትርፍ አለው፤ ያንን አላረምኩ።

ላብና ጣፋጭን ደግሞ የምትለያቸው
አንዲት ፊደል ናት፣ መሃል ላይ የቆመች።
ይህን ማንም አላስተማረኝ። ነሐሴ አስተማረኝ፤
ምድጃው ጧት ተቀብሎ ማታ ሲያሰናብተኝ፣
አንዱ ከግንባሬ ወርዶ፣ ሌላው ከጣቴ ላይ፣
ከንፈሬ ላይ ሲገናኙ ነው ልዩነታቸውን የማይ።

«የእናንተስ?» አለች ማሪቪክ ትሪ እያጠበች፤
«ያን ሁሉ ፊደል ይዛችሁ…» ብላ ሳቀች።
«የእኛ» አልኳት ኮራ ብዬ፣ «ወጥመድ የለበትም፤
እንደ ተጻፈ ይነበባል፣ አንዱ ካንዱ አይጋጭም።»

በዚያው ሌሊት፣ ከተደራራቢው አልጋ ታችኛው ላይ ሆኜ፣
ስልኬ በራ። ምንታምር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣
በአክስቷ ስልክ ጽፋ፦
«እማ፣ መምጫሽ ገና ነው?»

አንዴ አላልቼ አነበብኩት፦ ብዙ ይቀርሻል ወይ?
አንዴ አጥብቄ አነበብኩት፦ ለበዓሉ ነው ወይ?
ጠበቅ ስትል ዶሮ ናት፣ ጨዋታ ናት፣ አዲስ ቀሚስ፤
ላላ ስትል ዓመት ናት፣ ጫፏ የማይደረስ።
ድርብ ፊደል የለንም ይህንን የሚለይ፤
ድምጿን ካልሰማሁ በምን ዓይኔ ልይ?

የፈቃድ ወረቀቴ ፕራሳና ጠረጴዛ ላይ ነው፣
ከሦስት ሳምንት ወዲህ፣ ሳይፈረም።
ማሪቪክን ቀስቅሼ ልነግራት አሰብኩ፣
ዋሽቼሻለሁ ልላት፤ ግን እንቅልፍ ወስዷታል።

ፊደሏ ትጠብቃለች እንዴ?
ልጄስ?
ይኸም ያው በአንድ ዓይነት ይጻፋል፦ ትጠብቃለች።

ጣቴ ሲሄድ ሲመለስ ቆየ።
«ገና ነው» ብዬ ላኩላት።
እንደ ወደደች ታንብበው።