የእንግዳ ብርጭቆ

ዳካ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከቆርቆሮው ሰፈር፣
ቅጼን ዘርግቼ ሞርጂናን ስጠይቃት ነበር።

ውሃው ከየት ነው?
«በጎማ ቱቦ፣ በቦዩ ውስጥ አልፎ፣
ቀዳዳው በላስቲክ፣ በጨርቅ ተለጥፎ።»

መጸዳጃስ?
«ለአሥራ አንድ ቤት አንድ።
ክረምት ሲሆን ግን መሄድም የለብን፣
እሱ ራሱ ይመጣል፣ ደጃፍ ድረስ ሊያየን።»

ሳሙና?
ሳቀች። «ለዒድ ገዝቼ ነበር።»

ልጁን ስንት ጊዜ አስቀመጠው?
«ትናንት ሰባት። ዛሬ መቁጠር ተውኩት።»

ቱኑ ጭኗ ላይ ነው፤ ዓይኑ ሰርጉዷል፤
ሆዱን ቆንጠጥ ባደርግ
ቆዳው እንደታጠፈ ይቆያል።

ሕይወት አድኑን ዱቄት አውጥቼ ሰጠኋት፤
«በንጹሕ ውሃ በጥብጪው» አልኳት።

ዝም ብላ ተነሣች።
ብርጭቆ አለቅልቃ ለኔ ቀዳችልኝ፤
እንግዳ ነኝ።

ከንፈሬ ደርሶ ተመለሰ።
«አልጠማኝም» አልኩ።

ብርጭቆውን አየች፤ ዱቄቱን አየች፤
«ይህንንስ ቅጹ ይጠይቃል?» አለች።