ለዓሣ ሻጩ

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ፣
ከመርከብ ጥገናው ከብየዳ ስወጣ፣
ብረት ብረት እየሸተትኩ፣ ዓይኔ እንደ ቀላ፣
ኮኩራ ጣቢያ ጀርባ፣ ከኑድል ቤት ኋላ፣
አቶ ኩሮይዋ ጋ ምድር ቤት ወርጄ፣
ለማሽኑ ጉሮሮ ሃምሳ የን ማግጄ፣
የምመርጠው አንተን ነበር፤ አንተን፣ ዓሣ ሻጩን፣
ራሰ በራውን፣ ባለ ሽርጡን፣ ባለ ቦርጩን።

ሌላው እሳት ሲተፋ፣ ሌላው ጎራዴ ሲመዝ፣
ያንተ መሣሪያ ቱና፣ በረዶ ያደረቀው፣ ግንድ የሚያህል ጓዝ።
ስትስት ተንሸራተህ በቂጥህ ትወድቃለህ፤
ስትመታ ትስቃለህ፤
ካሸነፍክማ፣ እሱም በስንት አንዴ፣ ሽርጥህን አራግፈህ
ለተዘረረው ሰው «በኪሎ ይህን ያህል!» ብለህ ዋጋ ትጠራለህ።

እዚህ ቤት ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ ነው፤
ባላንጣ አይታይም፤ ያለው ከወዲያ ነው።
ቺዙሩን ያወቅኋት ከፊቷ በፊት በሳቋ፤
ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሞርድ ውላ፣ ብናኙ ሳይራገፍ ከጨርቋ፣
ቱናህ ጆሮ ግንድ ላይ «ጧ!» ባለ ቁጥር
ሳቋ ማሽኑን አልፎ ይመጣል፤ ይንቀጠቀጣል የወንበሬ እግር።
የተመታችው እሷ፣ የሳቀችው እሷ።

ሒሳቡን ግን ልንገርህ፤ ደብተር ነበረኝ፤
ከመቶ ጨዋታ ሃያ ስምንት ድል። መረረኝ።
ልጆች መጡ ደግሞ፣ ሰከንድ ሸንሽነው፣
በስልሳ ከፍለው፣ እያንዳንዷን ቆጥረው
የሚጫወቱ። አንዱ፣ ገና ጢም ያልነካው፣
«አጎቴ፣ እሱ እኮ ለቀልድ ነው የተሠራው»
አለኝ፣ በትሕትና። ትሕትናው ነው የጎዳኝ።
ሞኝና ወረቀት የተባለው እኔን መሰለኝ።

እናም ከዳሁህ።
ነጩን ጎራዴ ያዝኩ፤ ያን ቀጭን፣ ያን ዝምተኛ፣
ክንዱ መድረኩን የሚያካልል፣ ዓይኑ የማይተኛ።
ማፈግፈግ፣ መጠበቅ፣ መቁረጥ።
ማፈግፈግ፣ መጠበቅ፣ መቁረጥ።
አሥራ አንድ ሰው በተርታ ጣልኩ።
ደስ አላለኝም እንድል ትጠብቅ ይሆናል፤ አልዋሽም፤ ፈነደቅኩ።
ድል ይጣፍጣል፤ ጣት ጫፍ ላይ ይነዝራል፤
የማያውቀው ብቻ ይንቀዋል።
የጥቅምት ውድድር ሽልማት አሥር ኪሎ ሩዝ ነበር፤ ተሸክሜ ገባሁ፤
ሁለት ወር ቀቀልኩት፤ ጥሩ ሩዝ ነበር፤ እየደገምኩ በላሁ።

ከወዲያ ግን ሳቁ ጠፋ።
መቼ እንደ ሆነ እንኳ አላወቅኩም፤ ጠቅ ጠቅታ ብቻ ቀረ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ።
አንድ ማታ ቺዙሩ ቦርሳዋን አንስታ፣
«ጎበዝ ሆነሃል» አለች፣ ደረጃው ላይ ሆና፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ።
ከዚያ ወዲህ ወንበሯን የሰው ዣንጥላ ያዘው።

የካቲት፣ ዝናብ፣ ሰው የለም።
አቶ ኩሮይዋ መተርኮሻ ያጥባል፤ ቀና ብሎም አያይም።
ጆይስቲኩ አርጅቷል፤ ጠቋሚው ሳይነኩት ይንሸራተታል፤
ነጩ ጎራዴ ላይ ላቆመው ስታገል፣ የምርጫው ሰዓት ይቆጥራል፤
ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤
አንተ ላይ አረፈ። ሽርጥህን ስታስር አየሁህ፤ አልወቀስከኝም፣ ዘመድ።

ከወዲያ ሳንቲም ጮኸ።
ዣንጥላው ተነሥቶ ኖሯል? አላየሁም።
እጄ ግን የጎራዴውን ትምህርት አልረሳም፤
አፈገፈግኩ፣ ጠበቅኩ፤ ቆይቼ፣ ቆይቼ፣ ቱናውን አሳረፍኩ፤
ጧ!
ኋላም፣ ለባላንጣዬ አንዲት ጭረት ዕድሜ ሲቀረው፣ ተሸነፍኩ።
ጸጥታ። ቀጥሎ ከማሽኑ ጀርባ፣ ሳቅ ያነቀው ድምፅ፦
«በኪሎ ስንት ነው?»

መጋቢት ላይ ደግሞ ውድድር አለ።
ሽልማቱ ብስክሌት ነው። የኔው ባለፈው ሳምንት ተሰርቋል።
እንዲያ አትየኝ።
ገና አልወሰንኩም።