ደረጃ አንድ

ሐረጎን ስንወጣ፣ ባይሱዙ ተጭነን፣
ፍራሽና ቁምሳጥን፣ ድስት ተደግፈን፣
እያንዳንዱ ጠምዛዛ፣ አንድ ልብስ ያስደርባል፤
በሸሚዝ የተነሣ ሰው፣ ደሴን በጋቢ ይገባል።
አባቴን ፋብሪካው፣ ሲለው በቃህ ተመለስ፣
አጎቴ ጎሚስታ ቤት፣ ሲለው ናልኝ ድረስ፣
እኔም ባሥራ አንድ ዓመቴ፣ አገር ቀየርኩና፣
ሙጋድ ላይ ወረድኩኝ፣ ጥርሴ ሲፋጭ ገና።

ከጎሚስታው ጓሮ፣ ካረጁ ጎማዎች፣
ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ አየሁ አምስት ልጆች፤
መሃላቸው ደብተር፣ ሽፋኑ የለቀቀ፣
ዙሪያውን ቅዳጅ ካርቶን፣ በቀለም የደመቀ።
«ጭራቅ አለህ?» አለች፣ አንዷ ቀና ብላ፣
እንደ አናጢ እርሳሷን፣ ከጆሮዋ ሰቅላ።
«የለኝም» አልኩና፣ ወዲያው አፈርኩበት፤
ለካ ጭራቅ ማጣት፣ ያሳጣል ሰው ፊት።

ኑርያ ትባላለች። የመዝገቡ ሹም ናት።
ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ያወጣችውም እሷው ናት።
«ስማ፣ አዲሱ ልጅ።
ሁሉም ሰው ካንድ ነው የሚጀምረው።
ያ ኡመር እንኳ፣ ሃያ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው፣
ካንድ ነው የጀመረው።
ጉልበት ዐሥር፣ ፍጥነት ሦስት፣ ልብ አንድ።
ልብ አይሸጥም፤ እንዴት እንደሚያድግ አልነግርህም።
ገንዘባችን ቆርኪ ነው፤
የሚሪንዳ አንድ፣ የአምቦ ውሃ ሁለት፣
የታጠፈ አንቀበልም።
ዘውድ ከወጣ ትመታለህ፣ ጎፈር ከወጣ ትስታለህ፣
ሳንቲሙ ጎማ ሥር ከገባ እንደገና።
ጭራቅህ ቢወድቅ አልሞተም፤ ተኝቷል፤
እስከ ዓርብ አትቀስቅሰው።
‹እማዬ ጠራችኝ› ብሎ መሮጥ፣ ከሽንፈት ይብሳል።»

ሦስት ካርቶን ዘረጋች፣ ከብስኩት ሣጥን የተቀደደ።
አንዱ ፍም ጎራሽ ነው፤ ጅራቱ የበርበሬ ዛላ።
«እሱን!» አልኩ። የቆላ ልጅ አይደለሁ?
«ተይዟል። የፈንታው ነው።»
«እሺ ቋጥኝ ጀርባውን?»
«እሱም ተይዟል። እንድታየው ብዬ ነው።»
የቀረው ሦስተኛው፣
እውነት ለመናገር፣ ሥዕልም አልነበረም፤
በእርሳስ የተጨማለቀ ግራጫ፣ ዐይን የለው፣ ጥርስ የለው።
«ላጲስ ጠፍቶብኝ ነው» አለች፤
«ግን ጭራቅ ነው። ጉም በለው።»

ፈንታው እጁን አሽቶ፣ ሳንቲሙን አጎነ፤
ዘውድ። ደገመ። ዘውድ። ጉልበቴ ባዶ ሆነ።
እኔ ስወረውር፣ ጎፈር፣ ጎፈር፣ ጎፈር፤
አንበሳው አፈጠጠብኝ፣ እንደ ሰው ሊናገር።

ሲስቁ አልጠላኋቸውም፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።
ኑርያ ግን ሳትስቅ፣ ጣቷን በምራቅ አርሳ ገጽ ገለጠች፣
ስሜን ጠየቀችኝ።
ደሴ ከገባሁ ስሜን የጠየቀኝ ሰው
እሷ የመጀመሪያዋ ናት።
«ሙህዲን ኻሊድ። ከኮምቦልቻ። ጭራቅ፦ ጉም።
ፍልሚያ፦ አንድ። ድል፦ የለም።
ልብ፦ ሁለት።»
«ልብ አንድ ነበር እኮ» አልኳት።
«አልሮጥክማ» አለችኝ።

ማታ ከቦኖው ውሃ፣ ጀሪካን ይዤ ስመለስ፣
ጦሳ ካናቱ ላይ፣ ነጭ ነገር ሲያፈስ፣
መብራት እንጨት ዋጠ፣ ቀጥሎ ሱቁን ዋጠ፣
የመስጊዱን ሚናራ፣ ካንገቱ ቆረጠ።
ትናንት ቢሆን ኖሮ፣ ጀሪካኑን ጥዬ፣
እሪ እል ነበረ፣ ድረሽ እናትዬ።
ዛሬ ግን ቆምኩና፣ እስኪደርስ ጠበቅኩት፤
ፊቴን ሲዳብሰኝ፣ ጆሮ ይኑረው አይኑረው፣ ቀስ ብዬ ነገርኩት፦
«ምን ልትሠራ ወጣህ? እስከ ዓርብ ነው ሕጉ፤
ኑርያ ሳታይህ፣ ግባ ወደ ጥጉ።»

አልሰማኝም። ሰፈሩን ሞላው።
እኔም ጀሪካኔን አንሥቼ
በመሃሉ አለፍኩ፣
እንዳልረግጠው እየተጠነቀቅኩ።